በአቧራ የተጋረዱ ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች፦ በታሕተ ቀይ ብርሃን የሚደረግ ፍለጋ

ከአሶሳ በስተሰሜን፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ በምትገኘው በሸርቆሌ ወረዳ የኤሌክትሪክ መብራት ሰማዩን የማያደበዝዝባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው። በሚያዝያ ወር አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ከነዚህ መንደሮች ከአንዱ ወጥቶ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ፍኖተ ሐሊብ የተባለውን ነጣ ያለ የብርሃን ጎዳና ሰማዩን አቋርጦ ያየዋል። ከአድማስ በላይ 50 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ በዐቅራብና በቀውስ መካከል፣ ጎዳናው ይሰፋል፤ ይደምቃልም። የጋላክሲያችን ማእከል የሚገኘው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ዐቅራብና ቀውስ የሚሉት ስሞች በዓውደ ነገሥት የምናውቃቸው፣ ከዐረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ዐረብኛ ለሚሰማ የሸርቆሌ ሰው ጊንጥና ቀስት ማለት መሆናቸውን ማስረዳት አያስፈልግም።

ልብ ብሎ ለሚያስተውል ግን ከብርሃኑ ይልቅ በብርሃኑ መካከል የተጋደሙት ጥቋቁር ሰርጦች ትኩረት ይስባሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ የሰማይ ተመልካች ዊልያም ኸርሼል እንኳ እነዚህን የመሰሉ ጨለማ ቦታዎች ከዋክብት የሌሉባቸው ክፍተቶች አድርጎ ይመለከታቸው ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ክፍተቶች አይደሉም፤ ከኋላቸው ያለውን ብርሃን የሚጋርዱ የአቧራ ደመናዎች ናቸው። ከደመናዎቹ ጀርባ ምን እንዳለ ማወቅ የጋላክሲያችንን ታሪክ ለሚመረምር ሰው የዋዛ ጉዳይ አይደለም። ምክንያቱም ከጋላክሲው እጅግ ጥንታዊ ቅርሶች ጥቂቶቹ የተሸሸጉት እዚያው ነው። በዚህ ጽሑፍ ቅርሶቹ ምን እንደሆኑ፣ በምን ብርሃን እንደሚታዩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ተገኘ» የተባለው በእርግጥ መገኘቱ በምን እንደሚረጋገጥ እንመለከታለን።

ሉላዊ ክምችትና የሻፕሊ መንገድ

ሉላዊ የከዋክብት ክምችት የምንለው ከአሥር ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች የሚደርሱ ከዋክብት በራሳቸው ስበት ተሳስበው እንደ ኳስ ተሰባስበው የሚገኙበትን ሥርዓት ነው። የአብዛኞቹ ዕድሜ ከ10 እስከ 13 ቢሊዮን ዓመት ይገመታል፤ ፀሐያችን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ያላት መሆኑን ስናስብ እነዚህ ክምችቶች ጋላክሲው ገና በመመሥረት ላይ ሳለ የተወለዱ መሆናቸውን እንረዳለን። ከሁሉም የሚደምቀው ኦሜጋ ሴንታውሪ ነው። በዚያው በሚያዝያ ወር እኩለ ሌሊት ገደማ ከሸርቆሌ በደቡብ በኩል ከአድማስ 32 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ለዓይን ግን እንደ ደበዘዘ ኮከብ ነው። 17 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ይዟል። አንታሬስ ከተባለው ቀይ ኮከብ አጠገብ ኤም 4፣ በቀውስ ውስጥ ደግሞ ኤም 22 በተራ የመስክ መነጽር ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህ ሦስቱ በቀላሉ የሚታዩን በአንጻራዊነት ስለሚቀርቡንና በመካከላችን ያለው አቧራ ጥቂት ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሃርሎ ሻፕሊ በጊዜው ይታወቁ የነበሩትን ሉላዊ ክምችቶች አቅጣጫና ርቀት በካርታ ላይ አሰፈረ። ክምችቶቹ በእኛ ዙሪያ እኩል የተበተኑ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ወደ ቀውስ አቅጣጫ አጋድለው ተገኙ። ሻፕሊ ከዚህ ተነሥቶ የክምችቶቹ ማእከል የጋላክሲውም ማእከል መሆን አለበት፤ ፀሐይ ደግሞ ከማእከሉ ርቃ ትገኛለች ሲል ደመደመ። በእኔ እይታ ይህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተሰጡት የሥነ ፈለክ ድምዳሜዎች እጅግ ድፍረት የተሞላበት ነው። አቅጣጫውን አልሳተም፤ ርቀቱን ግን ከእጥፍ በላይ አጋንኖት ነበር። የዛሬው ልኬት 26,700 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ለስሕተቱ አንዱ ምክንያት በከዋክብት መካከል ያለው አቧራ ብርሃንን የሚያደበዝዝ መሆኑን ከቁም ነገር አለማስገባቱ ነው፤ የደበዘዘውን ኮከብ ሩቅ አድርጎ ቆጠረው። የአቧራው መኖር አሳማኝ በሆነ ልኬት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1930 በሮበርት ትረምፕለር ነው።

አሁን የሻፕሊን አስተሳሰብ ወደ ራሱ እንመልሰው። ክምችቶቹ በጋላክሲው ማእከል ዙሪያ በሚዛን የተሰራጩ ከሆነ፣ ከማእከሉ ወዲህ በኩል ያሉትን ያህል ከማእከሉ ወዲያም ሊኖሩ ይገባል። ቆጥረን ስናይ ግን ከማእከሉ ባሻገር፣ በተለይ ለጋላክሲው ወለል በቀረበው ሰማይ፣ ቁጥራቸው ያንሳል። ተፈጥሮ ለእኛ ወገን አታዳላም፤ የጎደሉት ከአቧራው ጀርባ ያሉ ናቸው ማለት ነው። በካናዳዊው ዊልያም ሃሪስ የተዘጋጀውና ለብዙ ዓመታት እንደ መዝገብ ያገለገለው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2010 እትሙ 157 ክምችቶችን ይዟል። ዛሬ፣ እንደ መስፈርቱ ጥብቅነት፣ ቁጥሩ ወደ 170 ይጠጋል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የታሕተ ቀይ ብርሃን ሥራ ነው።

አቧራው ለምን ይሸነፋል?

በቆላማው የቤኒሻንጉል በጋ፣ ሣር በሚቃጠልበትና ከሱዳን በኩል አቧራ በሚነሣበት ወቅት፣ የምትጠልቀውን ፀሐይ ያየ ሰው የነገሩን ፍሬ ሐሳብ አይቶታል። ፀሐይዋ ሁለት ለውጥ ታሳያለች፤ ትደበዝዛለች፣ ትቀላለችም። በአየሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ሰማያዊውን ብርሃን አብልጠው ሲበትኑ ቀዩ በአንጻሩ ያልፋል። በከዋክብት መካከል ያለው አቧራም እንዲሁ ያደርጋል። አቧራው በከዋክብት መካከል ካለው ቁስ በክብደት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቅንጣቶቹ መጠንም በአብዛኛው ከማይክሮሜትር አንድ አሥረኛ የሚዞር ነው። ይህ መጠን ለዓይን ከሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር፣ ብዙም ስለማይርቅ ቅንጣቶቹ ይህን ብርሃን አጥብቀው ይበትኑታል፤ ይውጡታልም። የሞገዱ ርዝመት ከቅንጣቱ እየበለጠ ሲሄድ ግን ቅንጣቱ ለሞገዱ እንቅፋት መሆኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ትንሽ ድንጋይ የኩሬን ረቂቅ ሞገድ ስትሰብር ሰፊውን ማዕበል ግን እንደማታግደው ያለ ነው።

ታሕተ ቀይን ያገኘው ደግሞ ያ ጨለማውን ክፍተት ነው ያለው ኸርሼል ራሱ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ተርትሮ ከቀዩ ቀለም ባሻገር፣ ምንም በማይታይበት ቦታ፣ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ጨምሮ ተገኘ። የእርሱ «ክፍተቶች» ውስጣቸው የሚገለጠው እርሱው ባገኘው ብርሃን ሆነ።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ፤ ያለ ስሌት የዚህ ዘዴ ኃይል አይገባም። የከዋክብት ድምቀት የሚለካው በማግኒቲዩድ ነው። አምስት ማግኒቲዩድ የ100 እጥፍ ልዩነት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል። ከአንድ ክምችት ፊት ያለው አቧራ በሚታየው ብርሃን 20 ማግኒቲዩድ የሚያደበዝዝ ይሁን። 20 ማለት አራት ጊዜ አምስት ስለሆነ ብርሃኑ 100 በ100 በ100 በ100 ይከፈላል፤ ከመቶ ሚሊዮን አንዱ ብቻ ይደርሰናል። በ2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ ባለው ታሕተ ቀይ፣ ኬ ተብሎ በሚጠራው መስኮት፣ ድብዛዜው በግምት አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 2 ማግኒቲዩድ ይሆናል። ይህም ብርሃኑን ለ6.3 ማካፈል ብቻ ነው። በአንደኛው መስኮት ከመቶ ሚሊዮን አንድ፣ በሌላው ከስድስት አንድ! ወደ ጋላክሲው ማእከል ስንመለከት ነገሩ ይብሳል፤ በሚታየው ብርሃን ድብዛዜው 30 ማግኒቲዩድ ገደማ በመሆኑ ከትሪሊዮን አንድ ብርሃን ብቻ ያልፋል፤ በኬ መስኮት ግን ከአሥር አንድ ያህል ወይም ጥቂት የሚያንስ ይደርሳል።

ሁለተኛ ጥቅምም አለ። በዊን ሕግ መሠረት አንድ አካል አብልጦ የሚያበራበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮሜትር ለማግኘት 2,898ን በኬልቪን ለተለካው ሙቀቱ እናካፍላለን። ለፀሐይ፣ 5,800 ኬልቪን ገደማ ስለሆነች፣ 0.5 ማይክሮሜትር ይመጣል። የሉላዊ ክምችት ድምቅ ያሉ አባላት ያረጁ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ናቸው፤ ለ4,000 ኬልቪን መልሱ 0.72 ይሆናል፤ ወደ ታሕተ ቀይ ደጃፍ ማለት ነው። ስለሆነም የምንፈልጋቸው ከዋክብት ራሳቸው በዚህ ብርሃን ጎልተው ይታያሉ።

ያው ሕግ ችግሩንም ይነግረናል። 300 ኬልቪን ገደማ ያለው የክፍላችን ሙቀት በቀመሩ ሲገባ 9.7 ማይክሮሜትር ይሰጣል፤ ይኸውም ተመልካቹም፣ ቴሌስኮፑም፣ አየሩም በታሕተ ቀይ ያበራሉ ማለት ነው። መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ ሆኖ በመስኮት የሩቅ ኩራዝ ለማየት እንደመሞከር ነው። በዚህ ምክንያት የካሜራው መቀበያዎች ከዜሮ በታች ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛሉ፤ በአየር ውስጥ ያለው የውኃ ተንም ብዙውን ታሕተ ቀይ ስለሚውጥ ቦታው ከፍታና ደረቅ አየር ያለው መሆን ይኖርበታል። የሸርቆሌ ሰማይ ማእከሉን ከፍ አድርጎ ቢያሳይም ቦታው ዝቅተኛ ነው፤ ማእከሉ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ በሚልበት በሰኔም ሰማዩ በክረምት ደመና ይሸፈናል። ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ 1 ሜትር መንታ ቴሌስኮፖች አሉት፤ ክረምቱ ግን ለእንጦጦም አይራራም። ለዚህ ሥራ የተመረጠው የቺሊ በረሃ ነው።

ከቴርዛን እስከ ቪስታ

ሆኖም ሁሉም ነገር በበረሃ አልተጀመረም። በኢስታንቡል የተወለደው አርመናዊው አጎፕ ቴርዛን በፈረንሳይ ሊዮን ይሠራ ነበር። ከሊዮን የጋላክሲው ማእከል ከአድማስ በላይ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ይወጣል፤ ሸርቆሌ ላይ ካለው ከፍታ ሢሶ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም በ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለቀይ ዳርቻ ብርሃን በተዘጋጁ የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች ላይ እየፈለገ ዛሬ በስሙ የሚጠሩትን 11 ሉላዊ ክምችቶች አገኘ። አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፦ ዝርዝሩ ቴርዛን 12ን ይዟል፣ ቴርዛን 11 ግን የለም፤ 11ኛ ተብሎ የተመዘገበው ኋላ ሲታይ ያው ቴርዛን 5 ሆኖ ተገኝቷልና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ዊልያም ሊለር ሰማይ ላይ በፍጥነት የሚደጋገም የኤክስ ጨረር ፍንዳታ በታየበት ቦታ ሌላ የተሸሸገ ክምችት አገኘ፤ ሊለር 1 ይባላል።

የዘመናዊው ቅኝት መነሻ ቱ ማስ የተባለው ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 በአሪዞናና በቺሊ በተተከሉ ሁለት ባለ 1.3 ሜትር ቴሌስኮፖች መላው ሰማይ በሦስት የታሕተ ቀይ መስኮቶች፣ ጄ፣ ኤችና ኬ በተባሉት፣ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ ጥናት ምስሎቹ ሲታዩ በአጋጣሚ የተገኙ ሦስት አካላትን አስታወቀ፤ አንዱ ከአቧራው ጀርባ ያለ ሌላ ጠመዝማዛ ጋላክሲ ሲሆን ሁለቱ ሉላዊ ክምችቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ግሊምፕስ ሲ 01ን ጨመረ። የዚህ ክምችት ትክክለኛ ዕድሜ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

ከዚያ የመጣው ግን ከቀደሙት ሁሉ በዓይነቱ ይለያል። በፓራናል ተራራ የሚገኘው ቪስታ ባለ 4.1 ሜትር መስታወት ሲሆን፣ ካሜራው 67 ሚሊዮን ነጥቦች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ቪ.ቪ.ቪ. የተባለ ቅኝትና ተከታዩ በ13 ዓመት ውስጥ 420 ሌሊቶችን ወስደው 200 ሺህ ያህል ምስሎችን አነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ካርታ 1.5 ቢሊዮን አካላትን ይዟል። ቅኝቱ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ስላነሣ ከዋክብቱ የት እንዳሉ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚንቀሳቀሱም ለማወቅ አስችሏል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ።

እጩና እውነተኛ

የቪ.ቪ.ቪ. ምስሎች መውጣት እንደ ጀመሩ አዳዲስ ክምችቶች ተገኙ የሚሉ ማስታወቂያዎች ጎረፉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቪ.ቪ.ቪ. ሲ.ኤል. 001 እና ተከታዮቹ ታወቁ፤ ከዚያም እጩዎች በደርዘን እየተቆጠሩ ቀረቡ። እዚህ ላይ ወጣት አንባቢያን እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ። በአንድ ቦታ ላይ ከዋክብት በዝተው መታየታቸው ክምችት መኖሩን አያረጋግጥም። በአቧራው መጋረጃ ላይ ቀዳዳ ካለ በቀዳዳው በኩል የኋላው ከዋክብት በዝተው ይታያሉ፤ ቀዳዳው ክብ ከመሰለ ደግሞ ፍጹም ክምችት ይመስላል። በዐቅራብና በቀውስ አጠገብ «የባደ መስኮት» የተባለው ቦታ ከዋክብቱ በዝተው የሚታዩት አቧራው ስለሳሳ ነው። በማእከሉ አካባቢ ከዋክብት ራሳቸው ስለሚበዙ በአጋጣሚ ብቻ የሚፈጠር መሰባሰብም አለ።

ወርቅ በባህላዊ መንገድ በሚወጣባቸው በሸርቆሌና በአጎራባች ወረዳዎች ለሚኖር ሰው ፍትጊያው እንግዳ አይደለም። ከወንዝ ዳር የተቆፈረው አፈር በገበቴ ውኃ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ቀላሉ አሸዋ ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ወርቁ ከታች ይቀራል። ወርቁን ከአሸዋው የለየው እፍግታው እንጂ ቀለሙ አይደለም፤ ቀለምማ ሚካም ያብለጨልጫል። ለሥነ ፈለክ ተመራማሪው የእፍግታን ቦታ የሚይዘው የከዋክብቱ እንቅስቃሴ ነው። አንድ ክምችት አባላቱን በስበት አስሮ ስለሚጓዝ ከዋክብቱ በሰማይ ገጽ ላይ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ፤ የአካባቢው ከዋክብት ግን እያንዳንዱ በየፊናው ይጓዛል። ልኬቱ እጅግ ረቂቅ ነው፤ አሃዱ የሚሊ አርክ ሰከንድ ሲሆን ይህም ከምድር ሆኖ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራሱ የሚታይበት ማእዘን ነው። አብዛኞቹ ክምችቶች በዓመት ጥቂት እንዲህ ያሉ «ቁመቶች» ይጓዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀውና እስከ 2025 መጀመሪያ ልኬት ሲያካሂድ የቆየው የአውሮፓ ጋያ መንኮራኩር ለቢሊዮን ከዋክብት ይህን ልኬት ሰጠ። እጩዎቹ ከጋያና ከቪ.ቪ.ቪ. ልኬት ጋር ሲመሳከሩ አብዛኞቹ ፈተናውን አላለፉም፤ ከዋክብቱ አብረው አይጓዙም ነበር። ስማቸው ግን በጽሑፎች ውስጥ ቀረ። በእኔ እምነት ስም ከፈተና በፊት መሰጠት የለበትም፤ አለዚያ ተማሪው የትኛው ክምችት፣ የትኛው የአቧራ ቀዳዳ እንደሆነ ሳያውቅ ዝርዝሩን ሊጠቀምበት ነው። ጋያ በሚታየው ብርሃን ስለሚሠራ ራሱ ከወፍራሙ አቧራ ጀርባ አያይም፤ እዚያ ያለው ብቸኛ ምስክር የታሕተ ቀዩ ልኬት ነው።

በእንቅስቃሴ ያለፈ እጩ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። የከዋክብቱ ቀለምና ድምቀት በግራፍ ላይ ሲሰፍር የቀይ ግዙፋን ቅርንጫፍ ጥርት ብሎ መውጣት አለበት። ድምቀታቸው በግማሽ ቀን ገደማ ከፍና ዝቅ የሚል አር አር ላይሬ የተባሉ ተለዋዋጭ ከዋክብት ከተገኙ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ስለሆኑ የዕድሜ ማስረጃ ይሆናሉ። በመጨረሻ በስፔክትሮግራፍ የከዋክብቱ ወደ እኛ ወይም ከእኛ የመራቅ ፍጥነትና የብረት ይዘታቸው ተመሳሳይ መሆኑ ይለካል።

ፈተናው የሚያዋርድ ብቻ ሳይሆን የሚያከብርም ነው። ኤፍ.ኤስ.አር. 1758 እ.ኤ.አ. በ2007 ከቱ ማስ መረጃ የተመዘገበ ሲሆን ለዓመታት እንደ ተራ፣ ልቅ ክምችት ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን በጋያና በቪ.ቪ.ቪ. ልኬት እጅግ ትልቅ ሉላዊ ክምችት መሆኑ ታወቀ፤ ተመራማሪዎቹ በአትክልት ቦታ መካከል ሳይታይ የኖረ ግዙፍ ዛፍ አድርገው ገለጹት። ቪ.ቪ.ቪ. ሲ.ኤል. 001ም በስፔክትሮግራፍ ሲታይ የብረት ይዘቱ ከፀሐይ ከሁለት መቶ አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በማእከላዊው እብጠት፣ ከዋክብት ብረትን በቶሎ ባበለጸጉበት አካባቢ፣ ይህን ያህል ድሃ ክምችት ማግኘት አይጠበቅም ነበር። ቪ.ቪ.ቪ. ሲ.ኤል. 002 ደግሞ ከማእከሉ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ ርቆ ይገኛል፤ እስከ ዛሬ ከታወቁት ሁሉ ለማእከሉ የቀረበው ይኸው ነው።

ቴርዛን 5 ሌላ ነገር ሆነ

ከአቧራው ጀርባ የተገኘ ሁሉ የተጠበቀው ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ፌራሮ የተመራ ቡድን የቴርዛን 5ን ጥርት ያለ የታሕተ ቀይ ምስል ሲመረምር በብረት ይዘታቸው የተለያዩ ሁለት ዓይነት ከዋክብት አገኘ። ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ዕድሜያቸው ተለካ፤ የአንደኛው ወገን 12 ቢሊዮን፣ የሌላው 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። እውነተኛ ሉላዊ ክምችት በመካከሉ ከሰባት ቢሊዮን ዓመት በኋላ አዲስ ትውልድ አይወልድም፤ ጋዙ ከጥንት ተጠርጎ ወጥቷልና። እ.ኤ.አ. በ2021 ሊለር 1ም ተመሳሳይ ታሪክ አሳየ፤ በውስጡ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ብቻ የሆኑ ከዋክብት ተገኙ። ተመራማሪዎቹ እነዚህ ሁለቱ ሉላዊ ክምችት የሚመስሉ ነገር ግን ማእከላዊው እብጠት ከተገነባባቸው ግዙፍ ጉባኤዎች የተረፉ ስብርባሪዎች ናቸው ይላሉ። ይህ ትርጓሜ ገና ያከራክራል፤ ማስረጃው ግን በሚታየው ብርሃን ብቻ ብንወሰን ኖሮ ከነጭራሹ በእጃችን አይገባም ነበር።

በቴርዛን 5 ውስጥ እስከ 2024 ድረስ 49 ፐልሳሮች ተቆጥረዋል፤ አሥሩ በዚያው ዓመት የተገለጹ ሲሆኑ በፍለጋው የደቡብ አፍሪካው ሚርካት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተሳትፏል። ከመካከላቸው አንዱ በሰከንድ 716 ጊዜ የሚሽከረከር ነው። ፐልሳር የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት ሲጋጩ ወርቅን የመሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እንደሚፈጠሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በሌላ ጋላክሲ የታየው ግጭት አሳይቷል። በገበቴው ሥር የሚቀረው የሸርቆሌ ወርቅም ቢያንስ በከፊል የዚህ ዓይነት ትውልድ እንዳለው ይታመናል።

በአሶሳ ያለ ተማሪ ምን ሊሠራ ይችላል?

የቱ ማስ፣ የጋያና የቪ.ቪ.ቪ. መረጃ ለማንም ክፍት ነው። በስትራስቡርግ የሚገኘው ቪዚየር የተባለው የመረጃ ማእከል ሰንጠረዦቹን በነጻ ይሰጣል፤ ቶፕካት የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የጫነ ተራ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ሥራ ይበቃል። ከሚታወቀው መጀመር ይበጃል፤ ለምሳሌ በኤም 22 ዙሪያ ያሉትን ከዋክብት አውጥቶ ቀለማቸውን፣ ማለትም የጄና የኬ ማግኒቲዩድ ልዩነትን፣ ከኬ ድምቀት ጋር በግራፍ ማስፈር፤ ቀጥሎም ከጎኑ ካለ ባዶ ሰማይ እኩል ስፋት ወስዶ ማወዳደር። ከዚያ ወደ ተሸሸጉት መሄድ ይቻላል።

አንድ የስሌት ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ ለልምምድ የተመረጡ ናቸው። በአንድ የተሸሸገ ክምችት ግራፍ ላይ በአንድ ቦታ የሚታጨቁት ግዙፋን ከዋክብት የጄና የኬ ልዩነታቸው 2.2፣ የኬ ማግኒቲዩዳቸው 13.6 ይሁን። አቧራ ባይኖር ልዩነቱ 0.6 ገደማ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ 1.6 ያህሉን የጨመረው አቧራው ነው። በጋላክሲው ማእከል አቅጣጫ የኬ ድብዛዜ የዚህ ጭማሪ ግማሽ ያህል ስለሆነ 0.8 ማግኒቲዩድ እናገኛለን። የእነዚህ ከዋክብት ትክክለኛ ብሩህነት በኬ መስኮት ከዜሮ በታች 1.6 ነው። ስለዚህ 13.6 ሲቀነስ 0.8 ሲደመር 1.6 የርቀት ልዩነቱን 14.4 ያደርገዋል፤ ይህም ወደ 24,700 የብርሃን ዓመት ይተረጎማል።

አሁን ያንኑ ስሌት ለጋላክሲው ሌሎች አካባቢዎች በተለመደው የአቧራ ሕግ ድገሙት። የኬ ድብዛዜው የጭማሪው 0.69 እጅ ይሆናል፤ 1.1 ማግኒቲዩድ ማለት ነው። ርቀቱ ወደ 21,500 የብርሃን ዓመት ይወርዳል። ከዋክብቱ አልተንቀሳቀሱም፤ ልኬቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአቧራው ሕግ ብቻ ነው። ክምችቱ ግን 3,200 የብርሃን ዓመት ቀረበን፤ ከማእከሉ አጠገብ የሚኖር የነበረው አሁን በመንገድ ላይ ያለ መንገደኛ ሊሆን ነው። በማእከላዊው እብጠት ያሉ ክምችቶችን ርቀት በተመለከተ የሚወጡት ጽሑፎች እርስ በርስ የማይስማሙት በአመዛኙ በዚህች በሁለተኛዋ ቁጥር ምክንያት ነው።